ሻንጣ ውስጥ የሰፋሁት ባንዲራ

ባለፈው መስከረም ለሥራ ጋምቤላ ሄጄ በድሮ ትምህርት ቤቴ በኩል አለፍኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ግቢው ውስጥ ያሉት የኒም ዛፎች ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ የረገፈውን ቅጠል ተማሪዎች ረጋግጠውት መራራ ሽታው አጥሩን አልፎ መንገዱ ድረስ ወጥቷል። ሌላ ሰው ይህን ሽታ ሲያሸት ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩና አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ስድስተኛ ክፍል የተማርኩበት ዓመት፣ ይልቁንም የዚያ ዓመት በጋ፣ ከነሙቀቱና ከነፍርሃቱ መጣብኝ።

ያን ዓመት ሲቪክስ የሚያስተምሩን ቲቸር ኡቻላ ነበሩ። አኙዋ ናቸው፤ ቀጭንና በጣም ረጅም፣ ሙቀቱ ምንም ቢበረታ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው። አንድ ቃል ሲጠፋቸው ጣታቸውን አየር ላይ አንጠልጥለው ይጠብቁታል፤ እኛም አብረናቸው እንጠብቃለን። ቃሉ ሲመጣ ጣታቸው ይወርዳል። የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር መቀመጥ አይቻልም። አግዳሚ ወንበሮቻችንን ተሸክመን እንወጣለን፤ ሰሌዳው የኒሙ ግንድ ላይ ይደገፋል፤ ትምህርቱ እዚያ ነው።

አንድ ቀን «ሕገ መንግሥት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን።

አንድ ልጅ ተነሥቶ «የሕጎች ሁሉ የበላይ ሕግ ነው፣ ቲቸር» አለ።

«ይሄ መጽሐፉ ያለው ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

ልጁ ቁጭ አለ። ቲቸር ኡቻላ ጣታቸውን አንጠልጥለው ቆዩና «እንግዲያው ሠርተን እንየው» አሉ።

ሳምንቱን ሙሉ የክፍላችንን ሕገ መንግሥት ስንሠራ ሰነበትን። ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ጸሐፊ ሆንኩ። አለቃ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ሰሌዳ ማን እንደሚያጠፋ ተከራከርን። «ማንም በቋንቋው አይሰደብም» የሚለው ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ነበር፤ ሁሉም ተሰድቤያለሁ ይላል እንጂ ተሳድቤያለሁ የሚል ጠፋ። ሦስተኛውን አንቀጽ ያመጣችው አጠገቤ የምትቀመጠው ኛቦል ናት።

«ሳይሰሙት ሰው አይቅጡት» አለች ተነሥታ።

ኛቦል ኑዌር ናት። ቤተሰቦቿ ኢታንግ ናቸው፤ እሷ ለትምህርት ብላ ከአክስቷ ጋር ከተማ ትኖር ነበር። አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች፣ ሴት የሆንኩትን እኔንም ጭምር። አምስተኛ ክፍል ሳለን መስኮት ሰበርሽ ተብላ ተገርፋለች። ቆይቶ ሰባሪው የሌላ ክፍል ኳስ መሆኑ ታወቀ፤ ይቅርታ ያላት ግን አልነበረም። ቲቸር ኡቻላ ይህን አያውቁም። አረፍተ ነገሯን አቃንተው «ማንም ሰው ሳይሰማ አይቀጣም» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ እኔም ደብተሩ ላይ ገለበጥኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከኛቦል ጋር ባሮ ዳር ልብስ እናጥብ ነበር። እኔ ሁሉን የምፈራ ልጅ ነበርኩ፤ አዞ እፈራለሁ፣ ዳይሬክተር እፈራለሁ፣ ቤት ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ እፈራለሁ። እሷ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ «አንተ ና፣ አዞው እንቅልፍ ላይ ነው» ትለኛለች። እሷ ስትለኝ እገባለሁ።

ከሕገ መንግሥቱ ቀጥሎ መብት መጣ። ቲቸር ኡቻላ የራሳቸውን ኮሌታ ይዘው «ልብስ ይገፈፋል» አሉ። «ጫማ ይገፈፋል። መብት ግን አይገፈፍም። ለምን? ዜጋ ስለሆንክ። ሕገ መንግሥቱ ዜጋን ሁሉ ይጠብቃል።» ከዚያ ወደ ባንዲራው ምሰሶ አመለከቱ። «ያ ባንዲራ ደግሞ ምልክቱ ነው።»

ሌሎቹ ጽፈው አለፉ። እኔ አላለፍኩትም፤ መገፈፍ ምን እንደሆነ አይቼ ነበር። አባቴ በፊተኛው ዓመት ከዲማ፣ ከወርቅ ቆፋሪዎቹ ዘንድ፣ ሲመለስ ሽፍቶች መንገድ ላይ አስቁመው ጃኬቱንና ጫማውን ገፍፈውት በካልሲ ነው ቤት የገባው። የግራው ካልሲ ላይ ደም ነበር። እማዬ ውሃ ስታሞቅለት እሱ ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን የሱ ሳቅ አይመስልም።

አባቴ ሰይድ ከወሎ በሠፈራው ጊዜ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ሰው ነው። ሲያድግ እርሻውን ለወንድሞቹ ትቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ ከፈተ። በየጊዜው ዲማ ላሉት ወርቅ ቆፋሪዎች ቦቲ ጫማ፣ የእጅ ባትሪና ሳሙና ይዞላቸው ይሄዳል። ያን ሰሞንም ሊሄድ ዕቃ ሲያስር አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ እኛ ዜጋ ነን?»

«ምን ሆነሻል? ነን እንጂ።»

«የዚህ ቦታ?»

ገመዱን በጥርሱ ወጥሮ አሰረና «እኛ እዚህ እንግዳ ነን፣ ዘሀራ» አለ። «እንግዳ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚኖረው።»

እማዬ ከጓዳ ሰምታው «እዚሁ የተወለደችን ልጅ እንግዳ ትላታለህ?» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ለወጠችና «ደግሞ በዚህ ሰሞን ባትሄድ ምን አለበት?» አለች።

«ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም።»

ከተማው ያን ሰሞን ጥሩ አልነበረም፤ በአኙዋና በኑዌር መካከል ጠብ ተነሥቷል ይባል ነበር። ሱቆች ከዘጠኝ ሰዓት ጀምረው ይዘጋሉ። ትልልቅ ሰዎች እኛ ስንደርስ ወሬ ይቀይራሉ። የዲማ መኪና ተተኮሰበት ይባላል፤ ደግሞ ውሸት ነው ይባላል። እኔ የቲቸር ኡቻላን ቃልና የአባቴን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጬ አሰብኩ። ሕገ መንግሥቱ ዜጋን ይጠብቃል፤ አባቴ ግን እንግዳ ነኝ ይላል። ስለዚህ አባቴን መንገድ ላይ የሚጠብቀው የለም ማለት ነው። ምልክት ያስፈልገዋል። ምልክቱም የማይገፈፍ መሆን አለበት፤ የማይገፈፍ ማለት ደግሞ የተሰፋ ነው።

በዚያ ሳምንት የባንዲራ ተረኛ የኛ ክፍል ነበር። ዓርብ ከሰዓት ባንዲራውን ያወረድነው ኛቦልና እኔ ነን። አጥፈን ለዘበኛው መስጠት ነበረብን፤ ዘበኛው ግን በሩ ላይ አልነበረም። ኛቦል የአክስቷ ልጅ ታሞ ቸኩላ ነበር።

«ስጪኝ፣ እኔ አስረክባለሁ» አልኳት።

«አንተ ጥሩ ነው» አለችኝና እየሮጠች ሄደች።

ባንዲራውን ከደብተሮቼ ሥር ከትቼ ወጣሁ። ቤት ስደርስ እማዬ ጎረቤት ነበረች። የአባቴ ጥቁር የትከሻ ሻንጣ ታስሮ አልጋው ላይ ተቀምጧል። የውስጡ ገበር አንድ ጥጉ ላይ ተተርትሮ ስለነበር ባንዲራውን እዚያ አስገብቼ በቀይ ክር ሰፋሁት። መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋኝ። ስጨርስ ሻንጣውን በእጄ ዳበስኩት፤ ምንም አያስታውቅም። ቅዳሜ ማለዳ አባቴ ግንባሬን ስሞኝ ሲወጣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈራሁለትም።

ፍርሃቱ የመጣው ሰኞ ነው።

ምሰሶው ባዶውን ቆሟል። የጠዋት ፈረቃ ሲገባ ባንዲራ የለም ተብሎ ግቢው ተተረማምሷል። እኛ ከሰዓት ስንደርስ ዳይሬክተሩ ኛቦልንና እኔን ቢሯቸው አስጠሩን። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቲቸር ኡቻላም ግድግዳውን ተደግፈው።

«ዓርብ ያወረዳችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ ዳይሬክተሩ። ላብ ግንባራቸው ላይ ነበር። «ለማን አስረከባችሁ?»

«ለዘሀራ ሰጠሁ» አለች ኛቦል። ቀና ብላ፣ ሳትደናገጥ። ወደ እኔ ዞራም ፈገግ አለች፤ እኔ መልሱን አውቀዋለሁና።

«ዘሀራ? ሰጥታሻለች?»

አዎ ብል፣ የት አደረግሽው ይሉኛል። ከተናገርኩ ፖሊስ ተደውሎለት አባቴ መንገድ ላይ እያለ ባንዲራው ከሻንጣው ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ የሚጠብቀው የለም። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።

የኛቦል ፈገግታ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ነው። «አንተ» አለችኝ።

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን መቱ። «የሰንደቅ ዓላማ ጉዳይ ቀልድ አይደለም! ክልሉ ቢሰማ እኔ ምን ብዬ ነው የምመልሰው? ኛቦል፣ ወላጅ እስክታመጪ ግቢ እንዳትገቢ።»

«ልጅቷን እንስማት» አሉ ቲቸር ኡቻላ።

«ሰማናት እኮ።»

«አልሰማናትም። ጠየቅናት እንጂ።»

ዳይሬክተሩ ግን ሰው እያያቸው እንደሆነ ሁሉ ወደ መስኮቱ ይመለከቱ ነበር። እሳቸውም እንደኔ ፈርተው እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። ኛቦል ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። አክስቷ ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች፤ በዚያ ሰሞን ኑዌር ልጅ ባንዲራ ሰረቀች መባል ለቤቱ ሁሉ የሚያስፈራ ነገር ነበር። በማግስቱ በፒክአፕ ኢታንግ ላከቻት።

ክፍል ውስጥ ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። ባንዲራው ተቃጥሏል አሉ። አንዱ ልጅ «ድሮስ ከድንበር ማዶ የመጣች ናት፣ ባንዲራው ምኗ ነው?» አለ።

ቲቸር ኡቻላ ሰምተውታል። «ኛቦል የት ተወለደች?» አሉት።

«ኢታንግ።»

«ኢታንግ የት ነው?»

ልጁ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ስለማናውቀው ነው እንጂ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ጋምቤላ ነው» አሉና ቁጭ እንዲል ነገሩት። ከዚያ የክፍሉን ደብተር እንዳነብ ጠየቁኝ። ሦስተኛውን አንቀጽ በራሴ ጽሕፈት፣ በራሴ ድምፅ አነበብኩ። «ይህ ተጥሷል» አሉ። «ሐሙስ እንሰማለን። ያየ፣ የሚያውቅ ይዘጋጅ።»

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ምግብ አልወርድ አለኝ። እማዬ የአባቴን ቁጥር በየሰዓቱ ትደውላለች፤ አይገኝም። ዲማ በኩል ኔትወርክ ስለሌለ ነው ትለኛለች፤ ስልኩን ግን ከእጅዋ አታወጣም። ረቡዕ አንድ ነጋዴ ሱቃችን በር ላይ ቆሞ የዲማ መንገድ ተዘግቷል አላት። እኔ ይህን ስሰማ ባንዲራውን ሆዴ ውስጥ እንደያዝኩት ሁሉ በሁለት እጄ ሆዴን ያዝኩ። ዝም ካልኩ አባቴ ይመጣል። ዝም ካልኩ ደግሞ ኛቦል አትመጣም። ሶላት ላይ ከእማዬ ጎን ቆሜ የምለምነው ሁለቱን አንድ ላይ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንደማይሆኑ እያወቅኩ።

ሐሙስ ከኒሙ ሥር ተቀመጥን። ኛቦል ከምትቀመጥበት በኩል ወንበሬ ባዶ ነበር። ቲቸር ኡቻላ ቆመው ጀመሩ።

«የተከሰሰችውን ልጅ መስማት አለብን። የለችም። ስለዚህ ስለ እሷ የሚናገር ሰው እፈልጋለሁ።»

ማንም እጁን አላነሣም። ፀሐዩ በቅጠሉ መካከል እየገባ ሰሌዳው ላይ ይንቀጠቀጣል። ቲቸር ኡቻላ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን አንጠልጥለው ጠበቁ። ቃል እየፈለጉ መሰለኝ፤ እየጠበቁ የነበረው ግን ሰው ነው። ጣታቸው አልወርድ አለ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ባንዲራው የአባቴ ሻንጣ ውስጥ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። ኛቦል ሰጥታኝ ነበር።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀና ሳቁን ዋጠው። ቲቸር ኡቻላ ወደ እኔ መጥተው የዛፉ ሥር ላይ ተቀመጡ፤ ቁመታቸው ከኔ አነሰ።

«ለምን?»

«ዲማ ሊሄድ ስለነበረ። ዓምና ተገፍፏል። እርስዎ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ዜጋን ይጠብቃል፣ ምልክቱ ባንዲራው ነው ብለውን ነበር።»

ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እኔ ነኝ እንደዚያ ያስተማርኩሽ» አሉ በመጨረሻ። «አልጨረስኩትም ነበር። ወረቀቱ ብቻውን አይጠብቅም፣ ዘሀራ። ሰው ሲናገርለት ነው።» ከዚያ ተነሥተው እጄን ይዘው ወደ ቢሮ ወሰዱኝ።

ዳይሬክተሩ የጮሁትን ሁሉ አላስታውስም። የማስታውሰው እማዬን ነው። ተጠርታ መጥታ ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። ቤት ወሰደችኝ። በሩን ዘግታ «አባትሽ በዚህ ሰሞን የመንግሥት ባንዲራ ሻንጣው ውስጥ ተሰፍቶ ቢገኝ ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ግን አወቅኩ። የሰፋሁለት ነገር ራሱ ሊያስይዘው ይችላል። ዓርብንና ቅዳሜን በር በር እያየሁ አሳለፍኩ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በሩ ድረስ እሮጥና ሳልከፍተው እመለስ ነበር።

አባቴ እሁድ ቀትር ላይ ገባ። መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነው፤ ጫማ አድርጓል። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተቀመጠና ውሃ ጠጣ። እማዬ እያለቀሰች «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እሱ እኔን ጠራኝ።

«ነይ። ይህን ስፌት ታውቂዋለሽ?»

ገበሩን ገልብጦ አሳየኝ። ቀዩ ክር ግማሹ ተበጥሷል። ኬላ ላይ ሲፈትሹት ባንዲራው ወጣ፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ጠርዙ ላይ አለበት። ከየት ሰረቅከው፣ ለማን ነው የምትወስደው ብለው ሁለት ቀን አሰሩት። አባቴ ምን ብሎ ይመልስ? ምንም አያውቅም። በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ፖሊስ ሻንጣውን ሲያገላብጥ ስፌቱን አሳየውና «ይህን ማን ሰፋ?» አለው።

«ያኔ ነው ያወቅኩሽ» አለኝ አባቴ። «ደርዙ እንደ ዶሮ እግር ነው። የልጄ ስፌት ነው አልኩት። የሴት ልጅ አባት ነበር መሰለኝ፣ ስቆ ለቀቀኝ። ባንዲራውን ለትምህርት ቤቱ በእጄ እንድመልስ አስፈረመኝ።»

ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «ለምን?» አለኝ። ስነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እንግዳ ነን ያለኝ ትዝ ያለው ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ያንን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ሰኞ አብረን ሄድን። አባቴ ከዚያ በፊት የትምህርት ቤቱን በር አልፎ አያውቅም፤ ወላጅ ሲጠራ እማዬ ናት የምትሄደው። እማዬ የተኮሰችውን ባንዲራ በሁለት እጁ ለዳይሬክተሩ ሰጠና ሲገስጹት አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሲጨርሱ መውጣት ነበረበት። አልወጣም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ልጅቷስ?»

«የቷ ልጅ?»

«በልጄ ጥፋት የተባረረችው።»

ዳይሬክተሩ አክስቷ ወስዳታለች፣ ስትመለስ እንቀበላታለን አሉ። «ማን ሄዶ ይነግራታል?» አለ አባቴ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ አልነበረም። ቲቸር ኡቻላ ከበሩ ላይ «እኔ እሄዳለሁ» አሉ።

ሚስታቸው እንዳይሄዱ ለምነዋቸው እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። በዚያ ሰሞን አኙዋ ሆኖ ወደ ኑዌር መንደር መሄድ፣ ለአንድ ተማሪ ብሎ፣ ዘመዶቻቸውም ያልወደዱት ነገር ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መጡ። እኔ፣ አባቴና እሳቸው በፒክአፕ ኢታንግ ሄድን። መንገዱ አጭር ነው፤ የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ሹፌሩ ሰው ባየ ቁጥር ያቀዘቅዛል፤ ቲቸር ኡቻላ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ።

ቤቱን ገበያው ላይ ጠይቀን አገኘነው። የደረቀ ዓሣ ሽታ እዚያ ድረስ ይመጣል። የኛቦል አያት ከሣር ቤቱ ደጃፍ፣ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ቲቸር ኡቻላ ጎንበስ ብለው «ማሌ» አሏቸው፣ በኑዌር ሰላምታ። አሮጊቷ አይተዋቸው፣ አይተዋቸው፣ «ማሌ» ብለው መለሱ። ኛቦል ከውስጥ ወጣች። ለቲቸር እጇን ሰጠች፤ ለአባቴም። ለእኔ አልሰጠችም።

ሁላችንም የረሳነው አንድ ነገር ነበር። አያቷ አማርኛ አያውቁም። ከኛቦል በቀር የሚያስተረጉም ሰው በዚያ አልነበረም።

«ተናገሪ» አለኝ አባቴ።

ተናገርኩ። ሻንጣውን፣ ባንዲራውን፣ ዲማን፣ ራሴን እንዴት እንደነቀነቅኩ። እያለቀስኩ ስለነበር ረዘመ። ኛቦል መሬት እያየች ሰማችኝና ስጨርስ ወደ አያቷ ዞራ በሦስት ወይ በአራት ቃል ጨረሰችው። ያን ሁሉ በአራት ቃል ምን ብላ እንዳሳጠረችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አያቷ ወደ እኔ ተመለከቱ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ። ኛቦል አልተረጎመችም።

«ምን አሉ?» አሏት ቲቸር ኡቻላ።

«ልጄ እውነቱን ስትናገር በጆሮህ ሰምተህ ነበር ወይ፣ ነው የምትለው» አለች ኛቦል፣ አሁን እኔን እያየች።

«አዎ» አልኩ።

እሷም ለአያቷ ነገረች። አሮጊቷ ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም። ከአባቴ ጋር ረጅም ወሬ ያዙ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ኬላው፣ እሱም በኛቦል በኩል መለሰላቸው። ወተት ቀረበልን። እኔ ቅሉን ሁለት እጄ ላይ ይዤ መጠጣት አቃተኝ።

ስንነሣ ኛቦል እስከ መኪናው ሸኘችን። «ሰኞ እመጣለሁ» አለቻቸው ለቲቸር ኡቻላ። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ካንተ ጋር ግን አልቀመጥም» አለችኝ።

እንዳለችው ሰኞ መጣች። ዳይሬክተሩ በሰልፉ ፊት ስሟን ጠርተው ጥፋት እንዳልነበረባት ተናገሩ፤ ይህን ያስደረጉት ቲቸር ኡቻላ ናቸው። እሷ ሰምታ ምንም አላሳየችም። ወንበሬን አልፋ ከኋላዬ ተቀመጠች። መንገዱ እየረጋ ሄደ፣ ሱቆቹ ማምሸት ጀመሩ፣ ዝናቡም መጣ፤ እኔ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከጀርባዬ እሷን እየሰማሁ ነው የተማርኩት። ሲቪክስ ላይ እጇን አውጥታ ስትመልስ፣ ከአዲሷ ጓደኛዋ ጋር ስትስቅ። ዞሬ ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም። አዞ ከመፍራት ይህ ይብስ ነበር።

በመጨረሻው ፈተና ቀን ወረቀቱ ታድሎ ስማችንን እየጻፍን ሳለ ትከሻዬ ላይ ጣት ነካኝ። ደነገጥኩ።

«አንተ» አለች ኛቦል በሹክሹክታ። «እስክሪብቶ አለህ? የኔ አልቋል።»

ሳልዞር ወደ ኋላ አቀበልኳት። ወሰደችው። ወዲያው ወረቀቷ ላይ ስትጽፍበት ሰማሁ። እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ ቲቸር ኡቻላ መጥተው አጠገቤ እስኪቆሙ ድረስ።

«ምነው አትጽፊም፣ ዘሀራ?»

«እስክሪብቶ የለኝም፣ ቲቸር» አልኳቸው። ሌላ አልነበረኝም።